ንጉሡ በአጣቢዋ ጋሪ

ጋሪው ዳገቱ መሃል ላይ ሲደርስ የግራ መንኮራኩሩ የትራሙ ሐዲድ ውስጥ ገባና አልንቀሳቀስም አለ። ተማሪው ከኋላ በትከሻው ይገፋል። ልብስ አጣቢዋ አከራይ ገመዱን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ከፊት ትስባለች። ንጉሡ ደግሞ በታጠበ አንሶላ መካከል ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው ሰብስበው ተጋድመዋል። ሁለት ፈረሶች የሚጎትቱት ትራም ከኋላ መጥቶ ቆመና ነጂው ደወሉን አቃጨለ።

«ዞር በሉ እንጂ። ልብስ ነው ሰው የጫናችሁት?»

«ሁለቱንም» አለች አከራይዋ። ዞር ብላም አላየችው።

ተሳፋሪዎቹ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። አንድ ረጅም ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ጋሪው ላይ ትኩር ብለው ቆዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ንጉሡ ናቸው» አሉ በሹክሹክታ። ሹክሹክታው ከወንበር ወንበር እየዘለለ ትራሙን አዳረሰው። እውነትም የዚያ ከተማ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በትልቁ ቴአትር ቤት ሲነግሡና ሲገደሉ የኖሩ ተዋናይ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪውም «ንጉሡ፣ ስንት ልስጥዎ?» ነበር የሚላቸው።

«አዲስ ቴአትር ሊጀምሩ ነው መሰለኝ» አለች አንዲት ሴት ደስ ብሏት። «የዛሬ ዘመን ማስታወቂያ እኮ እንዲህ ሆኗል፤ በየመንገዱ።»

ማጨብጨብ ጀመሩ። ንጉሡ ጭብጨባውን ሲሰሙ ከአንሶላው ውስጥ አንድ እጅ አወጡ፤ ሰላምታ ሊሰጡ ነበር። እጁ ግማሽ መንገድ ሄዶ ደከመና ወደቀ።

«አወዳደቁን አያችሁት?» አለች ሴትዮዋ። «እንዲህ የሚወድቅ ዛሬ የት ይገኛል።»

«እትዬ፣ አይስሟቸው። ወደ ቀኝ ይሳቡት» አለ ተማሪው። ጋሪው ዘለለና ወጣ። ባሕር ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ አባቱ «እያደግህ ትሞላዋለህ» ብሎ አስፍቶ የሰፋለት ነጭ ገዋን እግሩ ላይ እየተጠላለፈበት፣ ትራሙና ጭብጨባው ከኋላ እየተከተሉት፣ ተማሪው ወደ ሆስፒታሉ ገፋ። በዚያች ሰዓት መሆን የነበረበት እዚያው ነው፤ ሐኪሞች ፊት ለፈተና። የፈተናው ሰዓት ግን ዳገቱን ሲጀምሩ አልፎ ነበር።

* * *

ነገሩ የጀመረው ክረምት ሳይገባ ነው። ተማሪው ቋንቋው ባዕድ ወደ ሆነበት ወደዚህ ከተማ በመርከብ ተሻግሮ ከመጣ ወዲህ የመጽሐፉን ትምህርት እንደ ውሃ ጠጥቶት ነበር። የሰውነትን አጥንት ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥራል። ጠረጴዛውን፣ በርሜሉን፣ የአከራይዋን የእህል ሣጥን ሳይቀር በጣቱ እያንኳኳ ባዶውን ከሙሉው መለየት ተለማምዷል። የቀረው ወደ ሕሙማን ክፍል ገብቶ ከአልጋ አጠገብ መማር ነው። ለዚያ ግን አንድ በሽተኛ ጠይቆ፣ መርምሮ፣ በዋናው ፕሮፌሰር ፊት ማስረዳት ነበረበት።

የሰጡት ጋሪ ነጂ ነበር። ተማሪው መጽሐፉ እንደሚያዘው ጠየቀ።

«ዓይነ ምድርዎ እንዴት ነው?»

ጋሪ ነጂው አሰበ። «ዓይኔስ ደኅና ነው» አለ። «ምድሩን ግን አላውቅልህም፤ የኔ አይደለም፤ የተከራየሁት ነው።»

ተማሪው በዚህ ተደናግጦ ሌላውን ጥያቄ ረሳ። «ታዲያ ምንዎን ነው?» አለ።

«ምን እነግርሃለሁ። የልጄ ነገር ነው አንጀቴን የበላው። ትታኝ ከሄደች ወዲህ ሐሞቴ ፈሷል።»

ተማሪው ሁሉንም ጻፈ። ቆይቶም በፕሮፌሰሩና በረዳቶቻቸው ፊት ቆሞ የሰውዬው አንጀት በቁስል እንደተበላ፣ ሐሞቱም ተቀዶ በሆዱ ውስጥ እንደፈሰሰ፣ ዛሬውኑ ካልተቀደደ እንደማይተርፍ አስረዳ። ጋሪ ነጂው የመጣው ጉልበቱን አሞት ነበር። ሊቀደድ መሆኑን ሲሰማ ያ የታመመ ጉልበት እንዴት እንደሮጠ፣ በሩ ላይ የነበሩት ዘበኛ እስከ ዛሬ ያወራሉ።

ፕሮፌሰሩ አልሳቁም። ሳቅ የማያውቁ፣ አንገታቸው በደረቀ ኮሌታ የተሰነገ ሰው ናቸው። «መጽሐፉን ታውቀዋለህ» አሉት። «ሰው ሲናገር ግን አትሰማም። ክረምቱ ሲያልፍ ትመለሳለህ። ያኔ አንተ ከበሽተኛው፣ በሽተኛውም ካንተ ጋር ካልተግባባችሁ፣ ወደብ ላይ መርከብ አይጠፋም።»

ተማሪው ወደ ቤት የገባው አንገቱን ደፍቶ ነው። አባቱ «ልጄ ሐኪም ሆኗል» ብሎ ለአገር አውርቶ ጨርሷል። በምን ዓይኑ ይመለሳል? ሰው ሲናገር መስማት እንዲለምድ አከራይዋን እንድታናግረው ለመናት። እሷ ግን የሆስፒታሉን አንሶላ የምታጥብ፣ ከወሬ ጋር የተጣላች ሴት ነች። ንግግሯ «ጫማህን»፣ «በሩን»፣ «ብላ» ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ያን ጊዜ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ወንድሟ ንጉሡ ከደረጃው ጫፍ ሆነው ድምፃቸውን አሰሙ።

«በሽተኛ ነው የጠፋው? እኛ እያለን?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንጉሡ ታመሙ። ሰኞ ጉበታቸውን፣ ማክሰኞ ሳንባቸውን፣ ረቡዕ ሪህ። የተማሪውን መጽሐፍ ተውሰው ምልክቶቹን እንደ ቃለ ተውኔት ያጠናሉ። ሲያስሉ የጎረቤት መስኮት ይዘጋል። ሐሙስ ሐሙስ ይሞታሉ። እህታቸው መሞታቸውን አልተቃወመችም፤ «በታጠበው አንሶላ ላይ ግን አይሆንም» አለች።

ተማሪው ይጠይቃል፤ ንጉሡ ያርሙታል። «እንዲያ አይባልም፣ ልጄ። ሰው በሕመሙ ሰዓት ክብር ይሻል። "ሕመሙ ከወዴት ዘመተብዎ? በየትኛውስ ግዛት ሰፈረ?" ብለህ ጠይቅ።»

ተማሪው በደስታ ይጽፋል። እነሆ የሕዝቡ ቋንቋ። በመንገድ የሚሰማው ሰው ለምን እንዲህ እንደማይናገር አልፎ አልፎ ይገርመው ነበር። የጎዳና ሰው ስለሚቸኩል ቃላት እየዋጠ ነው ብሎ ግን ራሱን አሳመነ። አንድ ቀን ለትራም ትኬት ቆራጩ «ወደ ገበያው ያደርሱን ዘንድ ፈቃድዎ ይሁን» ቢለው፣ ትኬት ቆራጩ ወንበሩን በመሐረቡ ጠረገለት። አከራይዋ ይህን ስትሰማ ከልብስ ገንዳው ቀና ብላ «እንደዚያ የሚያወራ ሰው የለም» አለች። ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ስትናገር ሰምቷት ስለማያውቅ ተማሪው ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባውም።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። የፈተናው ዋዜማ ራት ላይ ግን ንጉሡ ኩርፍ ብለው ተቀመጡ። «ነገ እውነተኛ በሽተኛ ስታገኝ እኛን ማን ያስታውሰናል» አሉ። ሾርባቸውን ሳይጨርሱ ወደ ፎቅ ወጡ።

ጠዋት ሲነጋ ለመጨረሻ ልምምድ አልወረዱም። ተማሪው ገዋኑን ለብሶ፣ ከእንጨት የተጠረበውን የደረት ማዳመጫ በደረት ኪሱ ሰክቶ ወጣና በራቸውን አንኳኳ። ንጉሡ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል።

«ምነው ጋሼ?»

«ሆዴን ነው። ደኅና ነኝ። ሂድ።»

አከራይዋ ሰሃን ይዛ ከኋላው ቆመች። «ትወና ነው» አለች። «ሊያስቀርህ ፈልጎ ነው። ልጅ ሆነንም እንዲሁ ነበር፤ እኔ ለበዓል ልብስ ከለበስኩ እሱ ይታመማል።»

ተማሪው አመናት። እውነቱን ለመናገር ማመን ፈልጎ ነበር። ቦርሳውን አንሥቶ ደረጃውን ወረደ፤ የመንገዱን በር ከፈተ፤ አንድ እግሩን አወጣ። እዚያ ቆመ። ከላይ አንዳች ድምፅ እስኪመጣ እየጠበቀ መሆኑን ያወቀው ያኔ ነው። ክረምቱን በሙሉ ከዚያ ክፍል በወጣ ቁጥር ከኋላው ማቃሰት፣ ቢያንስ አንድ ረጅም «ኤዲያ» ሳይከተለው ቀርቶ አያውቅም። ንጉሡ ሰው ሲወጣባቸው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ደግሞም ሲታመሙ ፊታቸው ወደ መስኮቱ ነው፤ ብርሃኑ እንዲያገኛቸው። ግድግዳ እያየ የሚታመም ተዋናይ አልገጠመውም።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ተመለሰ። ብርድ ልብሱን ገልጦ እጁን በሆዳቸው ላይ አኖረ። ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቋል። ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ሲወርድ ንጉሡ አልጮኹም። የተማሪውን እጅ ያዙና አልለቅም አሉ፤ ያ ብቻ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ማታ። እምብርቴ ጋ ነበር።» ቀጥለውም ዓይናቸውን ጨፍነው «ፈተናህን አታበላሽ» አሉት። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ በጥቂት ቃል ታመው አያውቁም።

ተማሪው ወደ አከራይዋ ዞረ። «እትዬ፣ ጋሪውን ያውጡ።»

ፊቱን አየችና ሰሃኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

* * *

ከሆስፒታሉ በር ላይ የቆሙትን ዘበኛ ተማሪዎች «ጄኔራሉ» ይሏቸዋል። የኮታቸው የነሐስ ቁልፍ ከፕሮፌሰሩ ሰዓት ይበልጥ ያብረቀርቃል። ጋሪውን አዩ፣ ተማሪውን አዩ፣ ከኋላ የተከተለውን ሕዝብ አዩና መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ልብስ በጎን በር» አሉ። «በሽተኛ በኋላ በር። ተማሪ በፊት በር። እናንተ የትኛው ናችሁ?»

«አንሶላውን ታውቀዋለህ፤ የናንተው ነው» አለች አከራይዋ።

«እንግዲያው በጎን በር። በሽተኛው ወርዶ በኋላ በር ይዙር።»

የኋላው በር ከግቢው ማዶ ነው። ንጉሡ አሁን ከንፈራቸው ነጥቷል። ተማሪው ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ጭንቅ ሲይዘው ግን የመጽሐፉ ቋንቋ በኖ ጠፋ፤ ምላሱ ላይ የቀረው ክረምቱን በሙሉ የጠጣው ብቻ ነበር። ደረቱን ነፋ።

«ዘበኛ፣ ደጁ ይከፈት። ዛሬ በዚህ ደጃፍ ላይ እጁን የዘረጋ፣ ነገ በዚያው እጁ ፊቱን ሸፍኖ ያለቅሳል። ፈቃዳችን ይፈጸም።»

ጄኔራሉ በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ። ሐሳባቸው ሳይደርስ ተረከዛቸው ተጋጨ፤ እጃቸው ወደ መቀርቀሪያው ሄደ። የተከፈተው ፕሮፌሰሮች ብቻ የሚገቡበት ትልቁ በር ነበር። ጋሪው በደንጊያው ንጣፍ ላይ እየተንኳኳ ገባ። ከኋላው ሕዝቡ እንደገና አጨበጨበ።

ፕሮፌሰሩ ከረዳቶቻቸውና ከዋናዋ ነርስ ጋር በፈተናው ክፍል ቆመው ሰዓታቸውን ሲያዩ፣ በሩ ተከፍቶ የልብስ ጋሪ ገባ። የጀርም ማጥፊያው የፊኖል ሽታ ባለበት፣ ወለሉ እንደ መስተዋት በሚያበራበት ክፍል ውስጥ ጋሪ ገብቶ አያውቅም። ነርሷ ጭቃውን እንጂ ሰውዬውን አላየችም።

«ዘግይተሃል» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«አዎ፣ ክቡር ፕሮፌሰር። በሽተኛዬን ይዤ መጣሁ።»

«በሽተኛ የምንሰጥህ እኛ ነን።»

«እኚህን ይቀበሉኝ። ጊዜ የላቸውም።»

ፕሮፌሰሩ በአገጫቸው ጠቆሙት፤ ተናገር ማለታቸው ነው። ተማሪው ተናገረ። «ሕመሙ ትናንት ማታ በእምብርት አደባባይ ሰፈረ። በሌሊት ሠራዊቱን አንቀሳቅሶ በቀኝ በኩል ወደ ታችኛው ግዛት ዘመተ። እነሆ አሁን በዚያ ምሽግ ቆፍሯል፤ ግንቡም ጸንቷል። ትኩሳት መልእክተኛው ሆኖ ቀድሟል። ካልተከፈተ ከተማው ይቃጠላል።»

ረዳቶቹ በመሐረብ አፋቸውን ያዙ። አንዱ ጭራሽ ወደ መስኮቱ ዞሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ፕሮፌሰሩ ግን ወደ ጋሪው ጎንበስ ብለው የታመመውን ሰው ፊት ሲያዩ ቆም አሉ።

«እኚህ ሰውዬ ንጉሡ አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው፣ ክቡር ፕሮፌሰር» አለ የሚስቀው ረዳት እንባውን ጠርጎ። «አይመኗቸው። ባለፈው ዓመት በፖስታ ቤት ወረፋ ላይ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ሰው ሁሉ ሲበታተን ተነሥተው ቴምብራቸውን ገዙ።»

ክፍሉ ሳቀ። ፕሮፌሰሩ ቀና አሉ፤ ጥርጣሬ ፊታቸው ላይ አለፈ። «ተማሪ ሳለሁ ሲሞቱ አይቻቸዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። እኚህን ሰው በቢላ ከፍቼ ምንም ባላገኝ ምን ይባላል? ትወና አለመሆኑን በምን አወቅህ?»

ተማሪው ክረምቱን በሙሉ የተማረውን ትልልቅ ቃል ፈልጎ አጣ። «ሲያስመስሉ ደስ ይላቸዋል» አለ። «ዛሬ ግን ደስ አላላቸውም።»

ይህን ያለው ሰው ሁሉ በሚናገርበት ተራ ቃል ነበር፤ እሱ ግን አላስተዋለም። ፕሮፌሰሩ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። በሆዱ ላይ ጣታቸውን ቀስ አድርገው ጫኑና ድንገት ለቀቁ። የንጉሡ ፊት ተለወጠ፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም። ፕሮፌሰሩ ወደ ነርሷ ዞሩ። «ቀዶ ጥገና ክፍሉን አዘጋጂ» አሉ። ሲስቅ የነበረው ረዳት መሐረቡን ኪሱ ከቶ ከፊት ሮጠ።

ንጉሡ ለመጨረሻ ሰዓታቸው የሚሆን ቃል ለዓመታት ሲያዘጋጁ ኖረዋል። በየዘመኑ ያሻሽሉታል፤ ተማሪውም በቃሉ ያውቀዋል፤ ስለ ፀሐይ መጥለቅና ስለ ዙፋን ባዶነት ነው። የማደንዘዣውን የክሎሮፎርም ጨርቅ ወደ ፊታቸው ሲያስጠጉ ንጉሡ እጃቸውን አነሡ። ሐኪሞቹ ጠጋ አሉ።

«ጋሪውን» አሉ፤ «ጭቃውን ለእህቴ ጥረጉላት። ትቆጣለች።»

ከዚያ ተኙ።

* * *

አከራይዋ በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንድ አንሶላ ታጥፋለች። አጥፋ ትጨርስና ትዘረጋዋለች፤ እንደገና ታጥፈዋለች። ተማሪው አጠገቧ ተቀመጠ።

«"ትወና ነው" አልኩህ» አለች።

«እኔም አምኜ ወርጄ ነበር፣ እትዬ።»

«ተመልሰህ ወጣህ ግን።» የአንሶላውን ጫፍ አቀበለችው። «ያዝ። ብቻዬን አይስተካከልልኝም።»

ሁለቱም አንሶላውን ይዘው ቆሙ፤ ሳቡት፤ አጠፉት። ከዚያ ሌላ አነሡ። ጋሪው ላይ የነበረው አንሶላ በሙሉ ታጥፎ ሲያልቅ ፕሮፌሰሩ ሽርጣቸውን ሳያወልቁ ወጡ። አከራይዋ ዓይናቸውን አላየችም፤ እጃቸውን ነበር የምታየው።

«ትርፍ አንጀታቸው ሊፈነዳ ምንም አልቀረውም ነበር» አሉ። «ወጥቷል። ልባቸው የፈረስ ነው፤ ይነሣሉ።»

አከራይዋ ተቀመጠች። የታጠፉትን አንሶላዎች ክምር ጭኗ ላይ አድርጋ ፊቷን ቀበረችበት። ተማሪውም ሆኑ ፕሮፌሰሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመለከቱ።

«አንተ» አሉ ፕሮፌሰሩ በመጨረሻ። «ያን አነጋገር ማን ነው ያስተማረህ?»

ተማሪው የቀዶ ጥገናውን ክፍል በር አመለከተ።

ፕሮፌሰሩ በሩን ተመለከቱ። ኮሌታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ቢሆን አያስገርምም፣ መንገዱን ግን አላገኘም። «ከነገ ጀምሮ ወንዶች ክፍል ትገባለህ» አሉ። «መርምር፣ ጻፍ፣ ጠይቅ። ከበሽተኞቼ አንዱን ግን "ሕመሙ ወዴት ዘመተብዎ" ያልከው ቀን፣ እኔው ራሴ መርከብ ላይ አሳፍርሃለሁ።»

በማግሥቱ ማለዳ ተማሪው ወደ ወንዶች ክፍል ገባ። አልጋዎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ከሁሉም አልጋ ላይ ዓይን ይመለከተዋል። ንጉሡ ከጥግ ተኝተዋል። ስፌታቸው እንዳይበጠስ መሳቅም፣ መናገርም ተከልክለዋል፤ የመጀመሪያውን ያከብሩታል፤ ሁለተኛውን ግን ነርሷ ዞር ስትል ያፈርሳሉ። የተሰጠው በሽተኛ ከመስኮቱ ሥር ያለ ሰፊ ትከሻ ያለው የድንጋይ ከሰል ተሸካሚ ነበር። ተማሪው የመጽሐፉን ጥያቄ አሰበ፤ ተወው። የንጉሡን አሰበ፤ ወደቡ ታየውና እሱንም ተወው። ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። አልጋው አጠገብ ቆመ።

«ምን ሆነው መጡ፣ አባቴ?»

ከሰል ተሸካሚው ከላይ እስከ ታች አየው። «እኔ ምን አውቄ» አለ። «የላከችኝ ሚስቴ ናት።»

«እሺ። እሳቸው ምን አሉ?»

«እሷማ የምትለው ብዙ ነው» አለ ሰውዬው። ጠጋ ብሎም በአልጋው ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቀለት። «ተቀመጥ።»